ኡኡ ያሰኘኝ ጥቁር አዝሙድ

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በፊት በነበረው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ዛሬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

የምንኖረው ከሉማሜ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ሰዉ ሁሉ የሚዘራው ጤፍ ነው። እኔ ግን ባለቤቴን ለምኜ ለምኜ ከቤት ጀርባ ባለችው ማሳ ላይ ጥቁር አዝሙድ ዘራሁ። "ካልሆነልሽ ለከርሞ ወደ ጤፏ ትመለሳለች። ሁለተኛ ስለ መሬት እንዳታነሽብኝ" አለኝ። በዚሁ ተስማማን።

አዝሙድ ጨቅላ ሳለ አረም ይበረታበታል። ጤፍ ላይ የሚረጨውን ቱፎርዲ የሚሉትን የአረም መድኃኒት ደግሞ አይችልም። መድኃኒቱ ሳር ያልሆነውን ነው የሚያቃጥለው፤ ጤፍ ሳር ስለሆነ ይተርፋል፣ አዝሙድ ግን ያልቅለታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝናብ ያበቀለውን አረም አስገለበጥሁና በመስመር ዘራሁ። በመስመሩ መሃል እየገባሁም አንድ ዙር ኮተኮትሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ በዓል በበዓል ተደራረበብኝና አረሙ አናቱን ቀና አደረገ።

በሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ ወጥቼ ከጉብታው ላይ ቁልቁል ወደ ቤቴ ስመለከት ማሳዬ ውስጥ ሰው ቆሟል። ጀርባው ላይ የመርጫ ፓምፕ አዝሏል።

ኡኡ ብዬ ሮጥሁ። እኛ ዘንድ ሴት ኡኡ ካለች ምን ሆንሽ የሚል የለም፤ መሮጥ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሰው ነጠላውን እያጣፋ፣ ዱላውን እያነሳ ተከተለኝ። ቄሱም አልቀሩ።

ሰውየው ጎረቤታችን አያ ምንይችል ነበር። ደምበጫ ልጁ ዘንድ ሰንብቶ የተመለሰው በዚያው ሰሞን ነው። ያ ሁሉ ዱላ ሲመጣበት ፓምፑን እንዳዘለ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።

"ምን አጠፋሁ? አረም ዋጣት ብዬ አዝኜልሽ ነው እኮ፣ እታለም።"

"አዝሙድ ነው፣ አያ። ጤፍ አይደለም።"

ጎንበስ ብሎ አየ። "እኔ ደግሞ ጤፏ የት ገባች እያልሁ ስፈልግ ቆየሁ።"

"ለመሆኑ በሚካኤል ቀን ማሳ ምን ትሠራለህ?" አሉት ቄሱ።

"አባ፣ አልቆፈርሁ፣ አልነቀልሁ። ውኃ ነው ያርከፈከፍሁት።"

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የትኛውን እንደረጨ ነበር የምፈልገው። ደግነቱ ከታች በኩል ያለችውን ጥግ ብቻ ነበር የነካት።

ቄሱ ወደ ሰዉ ዞሩና "ዱላ ይዛችሁ የመጣችሁ በሙሉ በቡሄ ማግስት መኮትኮቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በተባለው ቀን ግን መጡ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው አያ ምንይችል ነው። አንዷን ቅጠል እንኳ "ይቺስ?" ሳይለኝ አልነቀለም፤ እስኪታክተኝ ጠየቀኝ።

የተረጨችው ጥግ ተጣምማ ደረቀች። ሌላው አበበ፣ ፍሬም ያዘ። ባለቤቴም ይህን አየ። ለከርሞ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳዋን ለአዝሙድ ያረሰልኝ እሱው ነው።

አያ ምንይችልን አልተቀየምሁትም፤ በክፋት እንዳላደረገው አውቃለሁ። እንዲያውም ያን ቀን ባይረጭብኝ ያ ሁሉ ሰው ለአረሜ ባልመጣም ነበር እላለሁ። ዛሬም ፓምፕ አዝሎ መንገድ ላይ ካገኘኝ፣ ገና ሰላም ሳንባባል ቆም ይልና "ወደ ራሴ ጤፍ ነው የምሄደው" ይለኛል።