ሳዲቅ ያላስቆረጠው ቅርንጫፍ

ሳዲቅን የማያውቅ የአማን ከተማ ሰው የለም። ዲሽ የሚሰቅል፣ ቴሌቪዥን የሚጠግን የስልጤ ልጅ ነው፤ ሱቁ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሃያ ዓመት ስንጎራበት አንድም ቀን ሰው ሲያስቸግር አላየሁትም። ጣሪያ ላይ ሆኖ እንኳ፣ መሰላል የያዘለትን ሰው "ጠበቅ አድርገህ ያዝልኝ" ለማለት ያፍራል። "ይሄ ይሉኝታህ አንድ ቀን ይገድልሃል" እለው ነበር። አፌን በቆረጠው! እሱንስ አልገደለውም።

ጋሽ ከፈለኝ የአባቴ አበልጅ ናቸው። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ፣ ቡናቸው መሀል ነው። አምና ወድቀው ወገባቸው ተጎዳና አልጋ ላይ ቀሩ። አንድ ልጃቸው ቲጂ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ ወረቀት ስለሌላት መጥታ ልታያቸው አትችልም። እዚያ ኮረብታ ላይ ደግሞ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌው የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሳልሞት ከልጄ ጋር ፊት ለፊት እየተያየሁ ላውራ።"

ጥር ላይ ሳዲቅ ዋይፋይ የሚያሻግሩ ሁለት አንቴናዎች አመጣ፤ አንዱን ሱቁ ጣሪያ ላይ ተከለ፤ ሌላውን ተሸክሞ ኮረብታውን ወጣ። እኔ ከታች ሆኜ መስታወት በፀሐይ እያንጸባረቅኩ የሱቁን አቅጣጫ አሳየሁት። የሱቁ ዋይፋይ ወንዙን ተሻግሮ ጋሽ ከፈለኝ አልጋ ድረስ ደረሰ፤ ብታምኑም ባታምኑም! እሑድ ቲጂ ደወለች። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው "ምነው ከሳሽ? አያበሉሽም እንዴ?" አሏት። እሷም አለቀሰች፣ እኛም አለቀስን። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ጢማቸውን ተላጭተው ይጠብቋት ጀመር።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ገባ። በሱቁና በኮረብታው መሀል የጎረቤታቸው የሙሴ ዋንዛ አለ፤ በበጋ ቅጠሉ ረግፎ ስለነበር ልብ አላልነውም። አሁን ቅጠሉ ጥቅጥቅ አለ፣ ውሃ ጠጣ፣ መሥመሩን ጋረደው። የቲጂ ፊት መጀመሪያ ይቆራረጥ ነበር፣ ኋላ ጭራሽ ጠፋ። ሳዲቅ ምሰሶውን ቢያስረዝመውም ወይ ፍንክች! ሁለት ቅርንጫፍ መቆረጥ ነበረበት። አንደኛው ላይ ግን ሙሴ ቀፎ ሰቅሏል፤ ንብም ገብቶለታል።

"አምና ንቡ በተረጨ የተባይ መድኃኒት አልቆበት ሲያዝን አይቼዋለሁ። አሁን ምን ብዬ ልንገረው?" አለኝ ሳዲቅ። "ማሩ እስኪቆረጥ እንጠብቅ።"

"እኔ እነግረዋለሁ!"

"በአላህ ይዤሻለሁ ሰርካዲስ፣ እንዳትነግሪው። ጊዜ አይቼ ራሴ እነግረዋለሁ።"

እኔም ሞኟ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሳዲቅ የቲጂን ቪዲዮ ሱቁ ውስጥ እየተቀበለ፣ እሑድ እሑድ ጭቃውን እያቦካ ወስዶ ያሳያቸዋል። ጋሽ ከፈለኝ አይተው አይተው "እጠይቃታለሁ፣ አትመልስልኝም" ይላሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፤ ሙሴን መንገድ ላይ ካገኘውም ስለ ጤናው ጠይቆት ያልፋል። እኔ ብስጭት ብዬ ልሞት!

ግንቦት መጨረሻ ጋሽ ከፈለኝ አረፉ።

ለቲጂ በስልክ አይነገርም አልን። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እዚያው ቤሩት ያሉ ጓደኞቿ ሰብሰብ ብለው እንዲያረዷት ተስማማን። በሣልስቱ ቤታቸው ደጅ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ግን እኔ አላስችል አለኝና ለሙሴ ዘረገፍኩለት፤ "ያንተ ዋንዛ ነው መሥመሩን የጋረደው፤ ሳዲቅ ለንብህ አዝኖ ቁረጥ ሳይልህ፣ ከልጃቸው ጋር ሳይተያዩ ሄዱ!"

ሙሴ ወደ ሳዲቅ ዞረ። "ምነው ሳትነግረኝ? ንብ ነው እንጂ ሰው መሰለህ እንዴ? በዚያው ቀን አውርጄ ሌላ ዛፍ ላይ እሰቅለው አልነበር!"

ሙሴ እያለቀሰ ተነሳ፤ ቀፎውን አወረደ፤ ፊቱና እጁ በንብ ተነድፎ አብጦ ሳለ ሁለቱንም ቅርንጫፍ በመጥረቢያ ጣላቸው። መሥመሩ ሲከፈት ምን ሊሆን እንደሚችል ማናችንም አላሰብንም።

ጥቂት ቆይቶ የጋሽ ከፈለኝ ስልክ አልጋቸው አጠገብ ጮኸ። ቲጂ ነበረች፤ ምናልባት ከተስተካከለ እያለች በየቀኑ ትሞክር ኖሯል። ማንም እጁን አልዘረጋም። ሳዲቅ አነሳው።

"ጋሽ ሳዲቅ! ተሠራ? እሰይ! አባዬስ?"

"ተኝተዋል" አላት።

"በቃ አትቀስቅሳቸው። ዝም ብለህ ፊታቸውን ብቻ አሳየኝ።"

ሳዲቅ ባዶው አልጋ አጠገብ ስልኩን እንደያዘ ቆመ። በሩ ከጀርባው ክፍት ነው፤ ድንኳኑ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁት ሴቶች፣ ሁሉም ይታያል። ቲጂ አየችው። ጩኸቷ ጥርት ብሎ፣ አንዴም ሳይቆራረጥ ከቤሩት መጣ።