የስልሳ ሳሙና ሠርግ

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር፣ ስሙ የማይጠራ በሽታ ጅማ ገባ። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ከቀትር በኋላ ያስቀምጠውና ያስመልሰው ጀመር። በሽታው ከአገር አገር እየተሻገረ መምጣቱን ሁሉም በሹክሹክታ ያውቃል። ቀበሌው ግን ስብሰባ ጠርቶ፣ «እንዲህ ያለ በሽታ የለም፤ አለ የሚል አሉባልታ ነዢ ነው» ሲል አስጠነቀቀ። ስብሰባው ሲበተን ሁሉም እጁን በሳሙና እንዲታጠብ ተነገረው። ሳሙና ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ግን ወር አልፎታል።

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ያኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩትን ባላቸውን ተከትለው ከሸዋ መጥተው፣ እሳቸውን እዚሁ ቀብረው፣ ያለ ልጅ ብቻቸውን ቀርተዋል። በኅዳር በሽታ ጊዜ ሕፃን ነበሩ። ስንቱ ሰው ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ እንደሞተ ከእናታቸው ሲሰሙ ስላደጉ፣ አርባ ቀን በራቸውን ዘግተው ሊቀመጡ ቆረጡ። አጋሮ ድረስ በአውቶቡስ እየተመላለሱ ስልሳ ሳሙና፣ ግማሽ ኩንታል ጨው፣ አንድ ማዳበሪያ ሎሚ፣ በሶና ክብሪት አከማቹ። መኝታ ቤቱ ሲሞላ አልጋቸውን ወደ ሳሎን አወጡ።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ወልደሰማያት ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ መጣና የሳሙናውን ክምር ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«ምንድን ነው ይሄ እሜቴ? ለምን አከማቹት?»

ወይዘሮ ሸዋረገጥ አሰቡ። ለበሽታው ነው ቢሉ አሉባልታ ነዢ ሊባሉ ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ አሻጥረኛ።

«ለሠርግ ነው» አሉ።

«የማን ሠርግ? ልጅ የለዎት!»

«የራሴ።»

«ሙሽራውስ?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ቢያዩ፣ ጎረቤታቸው አቶ ዋቅጅራ አጥር ያጥራሉ። በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሚዛን ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው።

«ያውና» አሉ በጣታቸው።

አቶ ዋቅጅራ ተጠሩ። ጓድ ወልደሰማያት፣ «እሜቴን ሊያገቡ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ሲላቸው ወይዘሮ ሸዋረገጥን አዩ፤ ቀጥለው ታጣቂዎቹን፣ ከዚያም ሳሙናውን ረጅም ጊዜ አዩ። ሦስት ሳምንት ልብሳቸውን በአመድ ሲያጥቡ ሰንብተዋል።

«ኤዬ» አሉ በኦሮምኛ፣ አዎን ለማለት። «አግብቼአቸዋለሁ በሉኝ።»

ጓድ ወልደሰማያት እዚያው ወረቀት አወጣ። ዕቃው ለሠርግ መሆኑን አረጋግጦ ማህተም አደረገበት፤ ቀኑን ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ አለ፤ ለድግሱ የሚሆን ተጨማሪ አሥር ኪሎ ስኳርም ፈቀደ። የሴቶች ማኅበር የሠርግ ዘፈን መለማመድ ጀመረ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ሰው ሽሽት ሊዘጉት ባሰቡት ግቢ፣ በየቀኑ ሃያ ሴት እያጨበጨበች ዋለች።

ለሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ጓድ ወልደሰማያት ብቻውን መጣ።

«ሠርጉ ተላልፏል። ማንኛውም መሰብሰብ ተከልክሏል።»

«ምነው? በምን ምክንያት?»

«ምክንያት የለውም» አለና ወደ ደጅ ዞር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሜቴ፣ ሚስቴ እያስመለሳት ነው። ሳሙና ትንሽ አይተርፍዎትም?»

ወይዘሮ ሸዋረገጥ ደነገጡ። ሦስት ሳሙናና እፍኝ ጨው ሰጡት፤ ጨውና ስኳር በፈላ ውሃ በጥብጦ ጠብ ጠብ እያደረገ እንዲያጠጣት ነገሩት። በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ስኒ ይዞ በራቸው ላይ ተሰለፈ። አቶ ዋቅጅራ ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው በሩ ላይ ቆመው ሳሙናውን በካራ እየቆረጡ አደሉ። የወልደሰማያት ሚስት በሦስተኛው ቀን ተነሣች። ከሰፈሩ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ማንም የበሽታውን ስም አልጠራም።

ክረምቱ ሲወጣ ክልከላው ተነሣ። ጓድ ወልደሰማያት መዝገቡን ይዞ መጣ፤ ለሠርግ የተመዘገበ ዕቃ ያለ ሠርግ ሊሰረዝ አይችልም አለ። ከዕቃው የቀረው በሶ ብቻ ነበር።

«እንግዲህ ምን ይሁን?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ወደ አቶ ዋቅጅራ እያዩ።

«እኔማ አግብቼአቸዋለሁ በሉኝ ብያለሁ» አሉ አቶ ዋቅጅራ።

በመስከረም ማብቂያ ቀበሌ ቀርበው ፈረሙ። ለታዳሚው በሶ በጠብጠው አጠጡ። አቶ ዋቅጅራ በአጥሩ ላይ መተላለፊያ ከፈቱና አልጋቸውን በዚያው አስገቡ። አምስት ዓመት አብረው ኖሩ። እንዴት ተጋባችሁ ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ፣ ወይዘሮ ሸዋረገጥ «ቀበሌ ዳረን» ይላሉ፤ ጠያቂው ይስቃል፤ አቶ ዋቅጅራ ግን አይስቁም፤ ከወይዘሮዋ ጎን ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ።