ውሃ የማይወደው ተክል

በቢሮዬ መስኮት ላይ ለአራት ዓመት የኖረው ተክል ስም አልነበረውም። ከጡጫ ያነሰ፣ ወፍራም ቅጠሎቹ እንደ ጥቅል ጎመን አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ፣ ጫፋቸው ቀላ ያለ ነገር ነው። ያየው ሰው ሁሉ ፕላስቲክ ስለሚመስለው እኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች «አርቲፊሻሉ» እንለው ነበር። ፋይል ሊያስወጣ የመጣ ባለጉዳይ ቆሞ ሲጠብቅ እጁን ይዘረጋና ቅጠሉን በጥፍሩ ቆንጠጥ ያደርገዋል። «ውይ! እውነተኛ ነው እንዴ?» ይላል። እውነተኛነቱ የሚረጋገጠው በማቁሰል ነው። የጥፍር ምልክት የሌለበት ቅጠል አልነበረውም ማለት ይቻላል። እንደዚያ ተክል ባለጉዳይ የታገሠ ሠራተኛ አምቦ ውስጥ አላውቅም፤ እኔን ጨምሮ።

ተክሉን የተወችልኝ ወደ ጌዶ ከተማ የተዛወረች የሥራ ባልደረባዬ ናት። የተከለችው በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ውሃ እንዳይጠራቀምበት ታቹን ሦስት ቦታ በሚስማር በስታዋለች። ስትሰናበተኝ «በሁለት ሳምንት አንዴ ጠብ አድርጊለት፤ ከዚያ ዝም በዪው። ዝም ካልሽው ይኖራል» አለችኝ። ዝም ማለት ለእኔ አይከብደኝም። አራት ዓመት ዝም አልኩት፤ ኖረ።

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ቢሮው ቀለም ሊቀባ ሆነና ተክሉን ወደተከራየሁት ቤት ወሰድኩት። በዚያው ሳምንት አባቴ ከእንጭኒ መጣ።

አባቴ ዕድሜ ልኩን ያረሰ ሰው ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ይዟቸው ስለነበር አንደኛው እንዲገፈፍለት ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዤለት ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከወንድሜ አጥር ጎን ባለው ቤቱ ብቻውን ይኖራል። ወንድሜ ደግ ልጅ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ነው። እኔ የምፈልገው አባቴ እኔ ጋ እንዲቀር ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእሱ ብቻ ብዬ አይደለም። ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር በር ላይ ቆሜ ቁልፍ ስፈልግ መኖር ሰልችቶኝ ነበር፤ ከውስጥ የሚከፍትልኝ ሰው አማረኝ።

ችግሩ፣ በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ እያለ አባት ሴት ልጁ ቤት ተቀምጦ አይጦርም። ሰው ያወራል። «ልጁ ቢገፋው ነው» ይባላል፤ ወንድሜ ስሙ ይጠፋል። ስለዚህ አባቴ ሐኪሙ ለክትትል ቆይ ቢለውም፣ ገና ከመምጣቱ መቼ እንደምመልሰው መጠየቅ ጀመረ። ጠዋት ይጠይቀኛል፤ ማታ ደግሞ መልሱ የተለወጠ ይመስል እንደገና ይጠይቀኛል።

ዓይኑ በተሠራ ዕለት፣ ፋሻው ሳይፈታ፣ መስኮቱ ላይ ሲዳብስ እጁ ቆርቆሮው ላይ አረፈ።

«ኩን ማሊ?» አለ። ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው፤ አባቴ ሲገረም ወደ ኦሮምኛው ይገባል።

«ተክል ነው አባዬ።»

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ያፈራል?»

«አያፈራም።»

«ከብትስ?»

«ከብት የለኝም አባዬ።»

ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ይዞ መዘነው። «ይሄ የእንዳሁላ ዘመድ ነው። አጥር ሥር የሚበቅለው፣ ሞቅ አድርገን እብጠት ላይ የምናስረው።»

«ይሄኛው ለማየት ብቻ ነው። ዝም ከተባለ ይኖራል፤ አትንካው።»

«ለማየት» አለና ፋሻውን ነካ አደረገ። «እንግዲያው ለእኔ አልመጣም ማለት ነው።»

ፋሻው በተፈታ ማግስት ግን የተሠራውን ዓይኑን አስጠግቶ ሲመረምረው አገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተክሉ ሥራ አገኘ፤ ወይም አባቴ አገኘ። ፀሐይ ግቢውን ስታሞቅ ቆርቆሮውን ይዞ ይወጣል፤ ፀሐይዋ ስትዞር አብሮ ያዞረዋል፤ አመሻሽ ላይ ብርድ ሳይነካው እንደ ጥጃ ያስገባዋል። ጎረቤት ያለች አንዲት የወተት ላም ዘንድ ሄዶ እበት ለምኖ መጣ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ምንም አላልኩም፤ ምክንያቱም «መቼ ነው የምትመልሺኝ» የሚለው ጥያቄ ከቀን ሁለቴ ወደ አንዴ ወርዶ፣ ከዚያም ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልጠየቀኝም። ደስ ብሎኝ በልቤ ተክሉን አመሰገንኩት።

በአሥረኛው ቀን ቅጠሉ ይረግፍ ጀመር። ጠጋ ብዬ ብነካው የታችኞቹ ቅጠሎች እንደተቀቀለ ሽንኩርት ለስልሰው ብርሃን ያሳልፋሉ።

«አባዬ፣ ውሃ ታጠጣዋለህ እንዴ?»

«ጥቂት።»

«ጥቂት ስንት ነው?»

«ጠዋት አንድ ስኒ። ማታ ደግሞ የጠማው ከመሰለኝ አንድ።»

ቆርቆሮውን ሳነሳው ድንጋይ የሞላበት ያህል ከበደኝ። ከፍ አድርጌ ታቹን አየሁት። ሦስቱም ቀዳዳዎች በሰም ተደፍነዋል። ጧፍ አቅልጦ፣ ሰሙን አንጠባጥቦ፣ በጣቱ አለስልሶ፣ የሠለጠነ ሰው ሥራ ሠርቷል።

«ያፈስ ነበር እኮ» አለኝ፤ ምስጋና እየጠበቀ ነው። «ያጠጣሁት ሁሉ ወለልሽ ላይ ይቀር ነበር። ደፈንኩልሽ።»

ያኔ መሳቅ ነበረብኝ። አልሳቅሁም። ቁጡ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ሁለታችንን ያየ ሁሉ ያውቃል። «ዝም በለው አላልኩህም? ያገኘኸውን ሁሉ ካልነካካህ አይሆንልህም? ይሄ የጓሮ ጎመን አይደለም!» ብዬ ጮኽኩበት። ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥብ የነበረች ጎረቤታችን እጇን አቁማ አዳመጠች።

አባቴ ቆርቆሮውን ከእጄ ተቀበለና ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሰሙን በጥፍሩ ይፍቀው ጀመር። በማግስቱ ሻዩን ሳይጨርስ «ለወንድምሽ ደውዪለት። መጥቶ ይውሰደኝ» አለ።

ቤታችን ውስጥ ይቅርታ ተብሎ አያውቅም። ልለው ፈልጌ ምላሴ እምቢ አለኝ። ከመናገር መደወል ቀለለኝና ደወልኩ። ወንድሜ ጤፉን ወቅቶ ሳያስገባ መንቀሳቀስ እንደማይችል፣ በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገረኝ። ለጤፉ ምስጋና ይግባው።

ቀጥዬ ጌዶ ደወልኩ። ባልደረባዬ የሰሙን ነገር ስትሰማ መናገር እስኪያቅታት ሳቀች። ሳቋ ሲወጣላት፣ ግንዱ ከበሰበሰ እንደማይድን፣ ነገር ግን ያልተበላሹትን ቅጠሎች ለቅሜ ደረቅ አሸዋ ላይ ባስተኛቸው እያንዳንዱ ቅጠል ራሱ ሥር እንደሚያወጣ ነገረችኝ። እንዳልቀብራቸው፣ ሥር እስኪያወጡም አንዲት ጠብታ እንዳልሰጣቸው አስጠነቀቀችኝ።

ለአባቴ እንዳለ ነገርኩት።

«ሳይቀበር?»

«ሳይቀበር።»

«ውሃ ሳይጠጣ?»

«ሳይጠጣ።»

«ጌዶ እንዲህ ነው የሚታረሰው?» አለና ጋቢውን አጣፍቶ ተነሳ።

ጎረቤት ቤት እየሠሩ ስለነበር አሸዋ ለምኖ መጣ። የተሸረፈ ሳህን ሰጠሁት። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ጠንካራውን ከለስላሳው ለየ፤ ዘር መምረጥ እኔ አላስተምረውም። ሰባት ቅጠሎች ወጡለት። አሸዋው ላይ ሲደረድራቸው አጠገቡ ተቀምጬ ሳህኑን ያዝኩለት። ይቅርታዬ ያ ነበር። እሱም እንደዚያ የተቀበለው ይመስለኛል፤ ሲጨርስ «እጅሽን ታጠቢ፣ አሸዋ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለአባቴ ከአጨዳ ይልቅ የከበዱ ነበሩ። በሕይወቱ ምንም ሳይሠራ የጠበቀው ሰብል የለም። እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ሳህኑ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ቅጠሎቹ በየቀኑ ይጨማደዳሉ። «እየሞቱ ነው» ይለኛል። «ዝም በላቸው» እለዋለሁ። ሁለት ጊዜ ስኒ ሙሉ ውሃ ይዞ ወደ ሳህኑ ሲሄድ ያዝኩት። ሁለቴም «ለራሴ ነው» ብሎ ቆሞ ጠጣው።

ማታ ማታ በሩን ከውስጥ ይከፍትልኝና ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የሰባቱን ውሎ ይነግረኛል፤ ሁለተኛው ዛሬ ጎንበስ ብሏል፣ አምስተኛው ቀልቷል። እራት አብረን እንበላለን። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ብቻ በሚበላበት ትሪ ነበር የምበላው። ደስተኛ ነበርኩ፤ ደስታዬ ግን ቀን የተቆረጠለት ነበር። ስለ ቅዳሜው እሱ አያነሳም፤ እኔም አላነሳም። ሁለታችንም እንደምንቆጥር ሁለታችንም እናውቃለን።

ወንድሜ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ለሥራ ስለባብስ ከግቢው ጠራኝ። «ነይ! ኢንተላ ኮ፣ ቶሎ ነይ!» ልጄ ማለቱ ነው፤ እንዲህ የሚለኝ ሲደሰት ብቻ ነው። አንድ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ሳህኑን ፀሐይዋ ላይ ይዞ፣ የአንዱ ቅጠል ጫፍ ላይ ጣቱን ቀስሯል። እኔ ምንም አልታየኝም። መነጽሬን አምጥቼ ሳይ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ከተለየበት ጫፍ ፀጉር የመሰሉ ሦስት ሮዝ ሥሮች ወጥተው ወደ አሸዋው ጎንበስ ብለዋል።

«ማንም ሳይነግረው መሬቱን አገኘው» አለ። ከዚያ ደግሞ «እኔ ነኝ ያየሁት፤ ያላንቺ መነጽር» አለና ሳቀ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። ቢሮ አርፍጄ ገባሁ።

ቅዳሜ ወንድሜ መኪና እየቀያየረ መጣ። ቅቤ ይዞልናል። ምሳ በላ፤ የአባቴን ዓይን እያገላበጠ አየ፤ ተደሰተ። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ «በል አባዬ፣ መኪና ሳያመልጠን እንነሳ» አለው።

አባቴ ከመቀመጫው አልተንቀሳቀሰም። «አሁን አይሆንም» አለ።

«እንዴት?»

ሳህኑን ከመስኮቱ አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እስከዚያ ቀን ከሰባቱ ሦስቱ ሥር አውጥተዋል። «ይሄን ማን ይጠብቀዋል?»

ወንድሜ ሳህኑን አየ፤ የተጨማደዱትን ቅጠሎች አየ፤ አሸዋውን አየ። «እሷ አለች አይደል?»

«እሷ?» አለ አባቴ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «እሷማ እጇ አያርፍም። ዋናውን ውሃ አብዝታ የገደለችው ማን ሆነና? እነዚህንም ትገድላቸዋለች። ሰው ከጠየቀህ አባቴ አምቦ ሥራ ይዟል በላቸው።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

መዝገብ ቤት ስሠራ ይህን ያህል ዘመን አንዲት ሐሰተኛ ወረቀት በእጄ አላሳለፍኩም።

«እውነቱን ነው» አልኩ። «እኔ አልችልበትም።»

ወንድሜ ቅቤውን ትቶልን ብቻውን ተመለሰ።