የጀልባዋን ጭራ ማን ይያዝ

ሰው ከአረብ አገር ሲመለስ ቴሌቪዥን ያመጣል፣ ፍሪጅ ያመጣል። ታናሽ ወንድሜ ግን ከጅቡቲ በጭነት መኪና ላይ ጀልባ አስጭኖ መጣ። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀይ የፕላስቲክ ጀልባ። ስታያት ቀላል ትመስላለች፤ ስታነሳት ወገብ ትቆርጣለች። ሐይቅ ከተማ አብረን ነበር የምንኖረው። ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ በአሮጌዋ መኪናዬ ጣሪያ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ እንጭናትና ወደ ውሃው እንወርዳለን። እኔ ከፊት፣ እሱ ከጭራ። «ቢስሚላህ» ብለን እናነሳለን። እኔ ደግሞ ሳላጉረመርም አልሠራም። «ጋሼ፣ በአፍህ ሳይሆን በክንድህ አንሳ!» ይለኛል።

ጦርነቱ ወደኛ ሲቀርብ ጀልባዋን ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ደበቃት። ከዚያ «እማን ላምጣት» ብሎ እሷ ወደምትኖርበት ውጫሌ በእግሩ ወጣ። አልደረሰም። መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ያልጠየቅነው ሰው፣ ያልሄድንበት ሆስፒታል የለም። ጎረቤት እናቴን «ሰደቃ አውጪለት» ሲላት «ጀናዛውን ሳላይ? ወላሂ አላደርገውም» አለች። ይልቅ እኔን ጠርታ «ጀልባዋን አምጣልኝ፤ ሲመጣ ፀሐይ በልቷት እንዳያገኛት» አለችኝ።

ብቻዬን ወረድኩ። ከደንገሉ ጎትቼ ሳወጣት ከሐይቁ ገዳም የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ቄስ አይተውኝ ቆሙ።

«ልጄ፣ ልያዝልህ?»

«አይ አባ፣ ይተዉት።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እኮ።»

«ይተዉት አልኩ!» ጮህኩባቸው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። የወንድሜን ቦታ ሌላ ሰው እንዲይዘው አልፈለግሁም።

ፊቷን ከኋላ በኩል ፖርቶ መጋላው ላይ አስደገፍኩ። ዞሬ ጭራዋን ላነሳ ስል ተንሸራታ ቅልጥሜን ገጨችኝ። ሰደብኳት። በሁለተኛው ሙከራ እርጥብ ጆንያ ከሥሯ አነጠፍኩና ጭራዋን በትከሻዬ እየገፋሁ፣ እየተሳደብኩ አወጣኋት። ገመዱ እንዳይፍቃት ለመኪናዬ ወንበር ልብስ የገዛሁትን ነጭ አቡጀዲ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቅልዬ አሰርኳት። ብቻዬን! እንዴት እንደኮራሁ።

መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ይቆምልኛል። አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ቆቡን አወለቀ። የጭነት መኪና ሹፌር ዳር ይዞ አሳለፈኝ። «እነዚህ ሰዎች ጀልባ አይተው አያውቁም እንዴ?» እያልኩ ሳቅሁባቸው። ውጫሌ ስገባ ባጃጆች ከኋላዬ ተሰለፉ፤ ወንዶች ከየሱቁ እየወጡ ተከተሉኝ። አሁንም አልገባኝም።

እናቴ ደጃፍ ላይ ነበረች። ጣሪያው ላይ ያለውን ነጭ ረጅም ነገር አይታ ግድግዳውን ያዘች።

«መጣልኝ?» አለች።

ያኔ ገባኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ጀናዛ ሊሸከም ነበር የተከተለኝ። «ጀልባዋ ናት እማ! ጀልባዋ ብቻ ናት!» ብዬ አቡጀዲውን ቦጨቅሁት። ቀዩ ሲታያት መሬት ላይ ቁጭ ብላ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔ ግን፣ አላህ ያውቃል፣ ያ ሁሉ ትከሻ ባዶውን ሊመለስ መሆኑ ለአፍታ ቆጨኝ። ወንድሜ ናፍቆኝ ነበር፤ ሞቶም ቢሆን ይምጣልኝ እስክል ናፍቆኝ ነበር።

«ማን ጫነልህ?» አለችኝ።

«ብቻዬን።»

«ለዚህ ነዋ! አንድ ሰው አጠገብህ ቢኖር ይህን ጨርቅ ያስጥልህ ነበር።»

ሰዎቹ ሊያወርዱልኝ ቀረቡ። እናቴ ሻሿን አጥብቃ አስራ ተነሳች።

«ጭራዋን ለኔ ተዉት፤ እስኪመጣ ድረስ እኔ ነኝ የምይዘው።»

ሰዎቹ መሃሏን ያዙ፣ እኔ ከፊት ገባሁ። «ቢስሚላህ» አልን። እንደልማዴ ማጉረምረም ስጀምር እናቴ ከወዲያ ጫፍ «በአፍህ ሳይሆን በክንድህ አንሳ!» አለችኝ። ሁለቱም እጆቼ ጀልባዋ ላይ ስለነበሩ እንባዬን መጥረግ አልቻልኩም።