የእንድርያስ ጉልበትና የጤና ቡድኑ ፊሽካ

በሰፈራችን ጤነኛ ሰው ከፈለጋችሁ ጤና ቡድን ውስጥ አትፈልጉ። እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ሽቅብ ሲወጡ ባለችው አቧራማ ሜዳ ላይ፣ ሃያ ሁለት የምንሆን ጎልማሶች ተሰብስበን ለጤናችን ኳስ እንጫወታለን። ለጤናችን ስንል አንዱ ቁርጭምጭሚቱን፣ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ የፊት ጥርሱን እዚያች ሜዳ ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ሰኞ ጠዋት በሰፈሩ የሚያነክስ ጎልማሳ ካያችሁ ምን ሆነህ ነው ብላችሁ አትጠይቁት፤ ጤናውን ሲጠብቅ ነው።

ቡድናችን አንድ ሕግ አለው። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔ ስገባ ነበረ። የተጎዳ ሰው ፊሽካ ይይዛል። ሌላ ሰው እስኪጎዳ ድረስ እሱ ያጫውታል፤ ሌላው ሲወድቅ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ለአዲሱ ያስረክባል። ስለዚህ ዳኛ አጥተን አናውቅም።

እንድርያስ የዚህ ቡድን አምበል ነው። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። አባቱ ከጨንቻ መጥተው እዚሁ የከተሙ ሸማኔ ነበሩ፤ እሱም እሳቸው በቆፈሩት የሽመና ጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ መርገጫውን እያፈራረቀ ሲረግጥ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። እሱ ያወጣውን ጥለት ገበያ ውስጥ ከሩቅ ይለዩታል። በእጁ ማንም አያማውም። እሱ የሚኮራው ግን በእግሩ ነው። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የክለብ ሰዎች አይተውኝ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው። አይተውት ሄዱ።

ከጥምቀት በፊት ፊሽካው ጎሚስታው ኑሕ አንገት ላይ ነበር። ኑሕ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት እንደያዘው፣ ሰባት እሑድ ሙሉ ማንም ሳይጎዳ ቀረ። በቡድናችን ታሪክ እንዲህ ያለ ሰላም ታይቶ አይታወቅም። እንድርያስ በአጠገቡ ኳስ ይዞ ባለፈ ቁጥር፣ «ኑሕ፣ ጡረታ እንዴት ይዞሃል?» ይለው ነበር። ኑሕ ፊሽካውን ይነፋል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ፣ እንድርያስ ከሜዳ የወጣ ኳስ አባረረ። መውጣቱን ከሱ በቀር ሁላችንም አይተናል። ሊመልሰው ሲዞር ቀኝ እግሩ መሬት ላይ እንደተተከለ ቀረና ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ጉልበቱ ቋ ሲል ከዳር የተቀመጥነው ሰምተነዋል።

ከዚያ ሐኪም በዛ። «ጎትቱት!» አለ ተስፋሁን፣ የታክሲ ሾፌር ነው። «አትጎትቱት፣ እሹት!» አለ ሌሊሳ፣ ብሎኬት አምራች ነው። አንዱ ውኃ አፈሰሰበት፣ ሌላው ጫማውን አወለቀለት፤ ያወለቀው የደኅናውን እግር ነው። ኑሕ ሁሉንም በትከሻው እየገፋ መጣና ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ።

«አምበል፣ አንገትህን ቀና አድርግ።»

«ወግድልኝ!»

«ሕግ ነው እኮ።»

«ሕጉ ለተጎዳ ሰው ነው። እኔን ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው» አለ። ጉልበቱ እንደ ድፎ ዳቦ እየተነፋ ነበር። «ደግሞ ሁላችሁም ስሙ! ለዳግማ ትንሣኤ ከቀጨኔ ሰፈር ቡድን ጋር ስንጋጠም አምበል ሆኜ ነው የምገባው። ያቺ ፊሽካ አንገቴ ላይ ከዋለች እንድርያስ ብላችሁ እንዳትጠሩኝ።»

እስከ ዳግማ ትንሣኤ ሦስት ወር ያህል ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ ሚስቱ ሰርኬ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችው። በጉልበቱ በውስጥ ጎን በኩል ያለው ጅማት ከፊሉ ተቀድዷል፤ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም፤ ፊዚዮቴራፒ ያድርግ ተባለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሮሐ የምትባል፣ ከሠላሳ ያልዘለለች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ጥቁር የጉልበት መደገፊያ አሰረችለትና ሥራ አዘዘችው፤ ፎጣ ጠቅልሎ ከጉልበቱ ሥር አድርጎ ቁልቁል መጫን፣ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ከወንበር ቀስ ብሎ መነሳትና መቀመጥ።

«በቃ?» አላት እንድርያስ።

«በቃ፣ ጋሼ።»

«ማሽን የለም? በረዶ ውስጥ መቀመጥ የለም? ያ ተጫዋቾቹ የሚለጥፉት ባለቀለም ፕላስተርስ?»

«የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?» አለችው።

«ሸማኔ ነኝ።»

ሲሸምን እግሩ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ወንበር ላይ ተቀምጦ በደኅናው እግር አየር ረገጠላት። ፊቷ በራ። «ጋሼ እንድርያስ፣ እርስዎ ቤት እኮ ጂም አለ! ሁለት ሳምንት ይረፉና ቀስ እያሉ ይርገጡ። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ እየጨመሩ። የጭን ጡንቻ ሲሞላ ጉልበት ይጸናል።»

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ሁለቱንም ጭኖቹን በሜትር ለካች። ቀኙ ከግራው በሦስት ሴንቲ ሜትር ሳስቷል። «ሁለቱ እኩል ሳይሆኑ ሜዳ እንዳይረግጡ» አለችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገዱ ሁሉ አጉረመረመ። «ሠላሳ ዓመት የረገጥኩት መድኃኒት ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ለምን ተጎዳሁ?»

«የወጣ ኳስ ስላባረርክ» አለችው ሰርኬ።

ከሁሉ ያስከፋው መደገፊያው ነበር። ጥቁር መሆኑ የሐዘን አስመሰለበት። ስለዚህ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ለራሱ የጉልበት ማሰሪያ ሠራ። ወፍራም ጥጥ ከላስቲክ ክር ጋር አድርጎ፣ ዳርና ዳሩን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ጣለበት። አምስተኛው ሳምንት ላይ ያንን አስሮ ጨዋታ ሊያይ ሲመጣ ጨዋታው ቆመ።

«አምበል፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሌሊሳ።

«የማገገሚያ ማሰሪያ ነው። ደም ያዘዋውራል።»

«ለኔም ሥራልኝ!»

«አንተ ምንህን ታመህ?»

«እስክታመም ልጠብቅ እንዴ?»

በሳምንቱ ሃያ ሰው አዘዘ። እኔም አዝዣለሁ። ጉልበቴ ደኅና ነው፤ ግን ብቻዬን ባዶ ጉልበቴን መቆም አፈርኩ።

እንግዲህ ለሃያ ሰው ማሰሪያ ለማድረስ እንድርያስ ከጠዋት እስከ ማታ ይረግጥ ጀመር። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሮሐ ያዘዘችውን ሃያ ደቂቃ እሱ ሳያስበው ስምንት ሰዓት አደረሰው። በሰባተኛው ሳምንት ሲለካ ልዩነቱ ከሦስት ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ወርዷል።

«ምን አደረጉ?» አለች ሮሐ፣ ሜትሩን ደግማ እያጠበቀች።

«እሷ ናት» አለ ማሰሪያውን እየመታ።

«ማሰሪያው ቆንጆ ነው። ያዳንዎት ግን እሱን ሲሠሩ የረገጡት ነው።»

እንድርያስ ከዚህ ንግግር «ቆንጆ ነው» የሚለውን ይዞ ወጣ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ በጨዋታ ፈንታ ምስክርነት መስማት ያዝን። እንድርያስ መሃል ይቆምና፣ «ወገኖቼ፣ ይህ ጉልበት ሦስት ወር ተፈርዶበት ነበር!» ብሎ ይጀምራል። በጸሎት ቤት እንደሚመሰክሩት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ያነሳዋል። አንዱ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ከእንጦጦ የሚወርዱ ሯጮች ሳይቀሩ ቤቱን እያፈላለጉ መጡ።

እንድርያስም ሽመናውን በየቤታቸው ለሚሠሩ ሁለት ጎረቤቶቹ ሰጠና በሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። አሁን ሥራው ጉልበት ማሰርና ማስረዳት ሆነ። «ሪከቨሪ» ይላል። «ፐርፎርማንስ» ይላል። ሁለቱን ከስልኩ ነው ያገኛቸው። የግቢውን በርሜል ውኃ ሞልቶ፣ ጎሕ ሲቀድ ሰው ይነክርበት ጀመር። የእንጦጦን ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ተስፋሁን አንድ ጠዋት ተነክሮ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስል ከረመ። «መርዙ እየወጣ ነው» አለው እንድርያስ።

ሰርኬ ገበያ ውስጥ የሐበሻ ልብስ ነው የምትሸጠው፤ ሜትር ከአንገቷ አይለይም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጭኑን ትለካው ነበር።

«እየሳሳ ነው፣ እንድርያስ። ግባና እርገጥ።»

«ያንቺ ሜትር የነጠላ ነው። ጡንቻ አያውቅም።»

«የኳስ ጫማህ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል ብልህ ኖሮ ሮጠህ ታይ ነበር። እንግዲህ ጉድጓድህ ውስጥ ገብተህ እይ፣ ሸረሪቱ መርገጫህ ላይ አድርቶበታል።»

«እኔ አሁን አሠልጣኝ ነኝ» አላት።

ከጨዋታው በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ሮሐ ዘንድ በሰርኬ ግፊት ሄደ። ልዩነቱ ሁለት ሴንቲ ተኩል ሆኗል። ሮሐ አልተቆጣችም፤ ሜትሩን ጠቅልላ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አይግቡ። ጅማቱ ተያይዟል፤ የሚደግፈው ሥጋ ግን የለም። አንድ ወር ረግጠው ይግቡ።»

«ማሰሪያውን ሁለት አድርጌ ባስረውስ?»

«አሥርም ቢያደርጉ።»

ሦስት አሰረ።

ዳግማ ትንሣኤ እሑድ ሜዳው ሞላ። የጾሙን ዕዳ ሳምንቱን ሁሉ በሥጋ ስንከፍል ስለሰነበትን፣ ገና ስንሟሟቅ ትንፋሽ ያጠረው ነበር። ሁላችንም ማሰሪያ አድርገናል። አንዳንዱ በሁለቱም ጉልበት፣ ሌሊሳ በተጨማሪ በክርኑ። የቀጨኔዎቹ አምበል ሊጨብጠን ሲመጣ ተራ በተራ ተመለከተን።

«እናንተ፣ ሁላችሁም ታማችኋል እንዴ? ብትፈልጉ ሌላ ቀን እንጫወት።»

«ግጠም! ግጠም!» አለ እንድርያስ፣ ደረቱን ነፍቶ። ሰርኬ ከዳር ቆማለች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው። ኑሕ ፊሽካውን ነፋ። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ የተጎዳው አምበል ፊሽካ አልቀበልም ስላለ፣ የዳነው ኑሕ ሲያጫውት ከርሟል። ከሰባቱ ሌላ አሥራ ሁለት እሑድ ኳስ አልነካም። ስለዚህ ነገር አንድም ሰው አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ እኔም ጭምር።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ኳስ ወደ እንድርያስ መጣች። በዙሪያው ማንም አልነበረም። ይህን ደጋግሜ የምጽፈው በኋላ «ገፍተውኝ ነው» ስላለ ነው። ማንም አልነበረም። ቀኝ እግሩን ተክሎ በግራው ሊመታ ተነሳና፣ የሳሳው ቀኝ ጭኑ አልሸከም አለው። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ተቀመጠ። ኳሷ ቀስ ብላ ወጣች።

የዚያን ቀን ማንም «ጎትቱት» አላለም። ኑሕ ከመሃል ሜዳ ሲራመድ አየነው፤ አልቸኮለም። መጥቶ ከፊቱ ቆመ። ፊሽካውን አወለቀ። ስለ ጡረታ የሚያነሳ መስሎኝ ነበር፤ ሁላችንም እሱን ነበር የምንጠብቀው።

«አምበል፣ አንገትህ» አለ ብቻ።

እንድርያስ ወደ ሰርኬ አየ። ሰርኬ ወደ ሌላ በኩል አየች። አንገቱን ሰበረ፤ ፊሽካውም ገባ። ኑሕ ሳምንታት ያላሰረውን የጫማ ክር አጥብቆ አስሮ ወደ ጨዋታው ሮጠ። ሦስት ለባዶ ተሸነፍን።

በማግስቱ ልንጠይቀው ሄድን። ተስፋሁን አሁንም እያሳለ፣ «ታዲያ ማሰሪያው አልሠራም ማለት ነው?» አለው።

እንድርያስ ተቆጣ። «ማሰሪያውማ ምን ሆነ? እየው፣ አንድ ክር አልተበጠሰም!»

«ሰማችሁ?» አለች ሰርኬ ከውስጥ። «ሰውየው ተቀደደ እንጂ ጨርቁ ደኅና ነው።»

ሮሐ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ሁለት ሳምንት ዕረፍት፣ ፎጣ፣ ወንበር፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ። የፕላስቲክ ወንበሩን ሰርኬ ወደ ገበያ ወስዳ ትቀመጥበታለች፤ በርሜሉ ልብስ ይታጠብበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በነጠላው ሜትር ይለካል፤ አሁን ሜትሩን አይነቅፍም። ባለፈው አንድ ሴንቲ ተኩል ቀርቶት ነበር።

እሑድ እሑድ ያጫውተናል። መናገር ካለብኝ ጥሩ ዳኛ ነው፤ ከሜዳ የወጣ ኳስ አያመልጠውም። የፊሽካው ማንጠልጠያ አሮጌ የላስቲክ ገመድ ስለነበር አንገቱን ፈገፈገው። ሰሞኑን ጉድጓዱ ውስጥ ሲረግጥ አዲስ ማንጠልጠያ ሠርቶለት መጣ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት አለው። ከሜዳው ወዲያ ማዶ ሆኖ ይታያል።

ሁለት ሰዎች አንገታቸውን እንዲለካላቸው ጠይቀውታል። አንዱ ሌሊሳ ነው። ሌላውን አልናገርም።