«ሐኪም ጋራ ናቸው»

ባለፈው ሰኔ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሁለተኛው ቀን፣ ከግቢዬ ያለችውን ክፍል የተከራየው ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ በሬን አንኳኳ። ሚስተር ማቲው ትሑት ሰው ነው። ሐረር ስድስት ዓመት ኖሯል፤ አማርኛውንም የለቀመው ከተማሪዎቹ ነው። ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ፣ «አባባ፣ እናቴን ለማየት ወደ አገሬ ደርሼ እመጣለሁ። ፈቃድ ብጠይቅ ወረቀቱ እስኪመጣ ክረምቱ ያልቃል። ዳይሬክተሩ ሰው ከላከ ድሬዳዋ ነው ይበሉልኝ» አለኝ።

«አልልም» አልሁት።

ድምፄ ሻካራ ሆኖ ሳይወጣ አልቀረም፤ ደነገጠና ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ «ምን አለበት? ሰውዬው እናቱን ሊያይ ነው። ድሬዳዋ ነው ብትልለት ምላስህ ይቆረጣል?» ብላ እስከ ማታ አኮረፈችኝ። አልፈርድባትም። አርባ ዓመት አብራኝ ስትኖር ያልነገርኋት አንድ ነገር አለ፤ ያን ቀንም አፌን ከፍቼ መንገር አቃተኝ። ብጽፈው ሳይሻል አይቀርም።

ነገሩ የሆነው በሃያ ዓመቴ ነው፤ ጣሊያን ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ የክርስትና አባቴ ግራዝማች በየነ ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቁጣቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። በከተማችን አዲስ የተከፈተውን ትምህርት ቤት የሚያስተዳድሩት እሳቸው ነበሩ። እኔ ለሕፃናቱ ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ፈረንሳይኛም ተምሬ ስለነበር ለውጭ አገር አስተማሪዎቹ አስተረጉማለሁ።

አስተማሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ሙሴ ኤልያስና ሚስታቸው ማዳም ሰልማ፣ የቤሩት ሰዎች። «ሙሴ» የምንላቸው በፈረንሳይኛው አቶ ለማለት ነው። ጀጎል ውስጥ ከአንዲት ሐረሪ ባልቴት፣ ከእማማ ኸዲጃ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ከነሱ በፊት የነበረው አስተማሪ ክረምት ላይ ለዕረፍት ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀልጦ ቀርቷል። ተማሪዎቹ ግማሽ ዓመት ያለ አስተማሪ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የውጭ አገር አስተማሪ የገዢው ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሳይዝ ከአገር እንዳይወጣ ታዘዘ። ለሙሴ ኤልያስና ለሚስታቸው ዋስ ሆነው የፈረሙት ግራዝማች ነበሩ።

እነሙሴ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ማሪ ትባላለች። ወደማያውቁት አገር ሕፃን ይዘው መምጣት ስለፈሩ ከባሕር ማዶ ኤደን ከምትኖር አክስቷ ዘንድ ትተዋት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሊያዩዋት ፈቃድ ቢጠይቁ ጽሕፈት ቤቱ ከልክሏቸዋል። በዚያ ክረምት፣ ሐምሌ ሲገባ፣ አክስቷ ደብዳቤ ጻፈች። ልጅቱ በንዳድ ታማ ከተኛች ሦስት ሳምንቷ ነበር።

ቤታቸው አስጠሩኝ። ዝናቡ ውጭ የድንጋዩን መተላለፊያ እንደ ወንዝ ያጎርፈዋል። ማዳም ሰልማ አላለቀሱም፤ ደብዳቤውን ብቻ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ።

«ለግራዝማች እንንገራቸው» አልሁ።

«ብንነግራቸው ለበላይ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው» አሉ ሙሴ። «የበላይ ደግሞ ይከለክለናል። ባያውቁ ለሳቸውም ይሻላል። መስከረም ሳይጠባ እንመለሳለን። እስከዚያ ከከተማው በላይ ካለው ተራራ፣ ከሐኪም ጋራ፣ ወጥተው ያርፋሉ በልልን።»

ቀጥለውም፣ ሲመለሱ ቤሩት ላለው ኮሌጅ ስለ እኔ እንደሚጽፉ ነገሩኝ። ቀድሞም ሊያደርጉት ያሰቡት ይመስለኛል፤ ነገር ግን የተናገሩት በዚያ ሰዓት ነው። ለልጅቱ አዝኜ ነው እሺ ያልሁት ብል ግማሹን መናገር ነው። ቤሩትም ታይታኝ ነበር።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ በሁለት በቅሎ ተነሡ። እስከ ሸዋ በር ሸኘኋቸው። የጀጎልን ካብ አልፈው ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ጉም ውስጥ ገቡ። ስመለስ እማማ ኸዲጃ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ወላሂ እኔ ያየሁት የለም» አሉኝ በሹክሹክታ። «አላህ ልጅቱን ያትርፋት።»

በዚያው ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ ግራዝማች እጃቸውን እየታጠቡ፣ «እነሙሴን ቤተ ክርስቲያን አላየኋቸውም፤ ደኅና ናቸው?» አሉኝ።

«ሐኪም ጋራ ናቸው። ማዳም ትንሽ አሟቸው፣ ነፋሻ ቦታ ይሻላል ተብሎ አንድ የአትክልት ቤት ተከራይተዋል። ሰው እንዲመጣባቸው አይፈልጉም።»

ይህን ሁሉ ስናገር እጃቸውን የማስታጥብበትን ውሃ ነበር የማየው። እሳቸው፣ «ምስኪን፣ ያገራችን ክረምት አልተስማማት ይሆናል» አሉ።

በማግሥቱ አንድ ቅል ማርና በቅርጫት የተሞላ ኮክ አስይዘው ላኩኝ። ምን ላድርግ? ወጣሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ዝናብ ያዘለ ቅጠሉ ፊቴን ይመታኛል። የጋራው አናት ላይ ስደርስ ከተማይቱ ከነካቧ፣ ከነመስጊዶቿ፣ ከነመድኃኔ ዓለም ጣሪያ ከሥሬ ተዘርግታ ታየችኝ። የትምህርት ቤታችንን ግቢ ለየሁት። የግራዝማችንም ቤት ለየሁት። አንድ ኮክ አወጣሁና ገመጥሁ። እንዲያ የጣፈጠ ኮክ ከዚያ ወዲያ በልቼ አላውቅም፤ ግን አልወርድ ብሎኝ ተፋሁት። የቀረውን ከነማሩ ማሽላ ሲያርሙ ላገኘኋቸው ባልና ሚስት ሰጠኋቸው። ሴቲቱ እጇን ዘርግታ በኦሮምኛ ስትመርቀኝ አሜን ለማለት እንኳ አፈርሁ።

«ማሩን ወደዱት?» አሉ ግራዝማች ማታ።

«በጣም።»

በዚያ ክረምት ሦስት ጊዜ ላኩኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ወጣሁ። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ከከተማው ውጭ ለመጀመሪያ ላገኘሁት ሰው ሰጥቼ መመለስ እችል ነበር። ግን መንገዱን ጨርሼ ካልወጣሁ ውሸቱ የባሰ ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ጠባ፤ እነሙሴ የሉም። ከድሬዳዋ የመጡ ነጋዴዎች ጎርፍ የባቡሩን ድልድይ ወስዶ ሐዲዱ እንደተቋረጠ፣ ተሳፋሪውም ጅቡቲ ላይ ታግዶ እንደቀረ ሲያወሩ ፈረስ መጋላ ገበያ ሰማሁ። መስቀል አለፈ። ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ሲል ግራዝማች፣ «ነገ ከገዢው ጽሕፈት ቤት ሹም መጥቶ ያየናል። እነሙሴ ይደርሳሉ አይደል?» አሉኝ።

«ይደርሳሉ።»

ምን ተስፋ አድርጌ እንዳልሁት እንጃ።

ሹሙ በጧት መጣ። ልጆቹ ነጭ ለብሰው ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል። የመማሪያ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አየ። ግቢው መካከል ቆመና፣ «አስተማሪዎቹስ?» አለ።

ግራዝማች፣ «ሐኪም ጋራ ናቸው፤ ሚስቲቱ አሟት...» ብለው ጀመሩ።

«ሐኪም ጋራ!» አለ ሹሙ። «ድሬዳዋ ላይ የጅቡቲን ባቡር ሲሳፈሩ ያየ ሰው አለ። ሁለት ወር አልፏቸዋል። ማን ፈቀደላቸው?»

ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ቁጣ ቢሆን እስከ ዛሬ እረሳው ነበር። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ሹሙ ተመለሱ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ያለ ወረቀት?»

«ያለ ወረቀት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከጎናቸው ቆሜ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ ጃኖአቸውን እነካዋለሁ። ሹሙ ጸሐፊውን ጠርቶ ቃላቸውን አስጻፈ። ጸሐፊው ቀለሙን እያጠቀሰ ቀስ ብሎ ነበር የሚጽፈው። እኔ ምንም አልተናገርሁም።

በሳምንቱ ግራዝማች ከሥራቸው ተሻሩ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለች መሬታቸው ላይ ሊኖሩ ሄዱ።

እነሙሴ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ማሪን ይዘው ገቡ። ፀጉሯ በበሽታው ምክንያት ተላጭቶ፣ እግሮቿ እንደ እንጨት ቀጥነው ነበር። ሙሴ የሆነውን ስነግራቸው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ወዲያው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድን፤ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ። «ግራዝማች አያውቁም ነበር፤ አታለልናቸው» አሉ። በትክክል ተረጐምሁ። ሹሙ፣ «ሽማግሌው በገዛ አፋቸው ፈቅጃለሁ ብለዋል፤ ቃላቸውም ተጽፏል» አለና ነገሩን ዘጋው። ሌላ አስተማሪ ከየት ይመጣል? ሙሴን ገሥጾ ወደ ሥራቸው መለሳቸው። ስሜን ሙሴ አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። ያ ሁለተኛው ዕድሌ ነበር።

ማሪ በየዕረፍቱ በግቢው ስትሯጥ አያታለሁ። ፀጉሯ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ወላጆቿ ባልሄዱ ብዬ መመኘት አልቻልሁም፤ ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። የምጸጸተው በምኑ እንደሆነ እንኳ በውል አላውቀውም ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላ ሲታጨድ፣ ወደ ግራዝማች ሄድሁ። አጫጆቹን እየተቆጣጠሩ አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝና ካብ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ልጅቱ ዳነች?» አሉኝ መጀመሪያ። ማን እንደነገራቸው አላወቅሁም።

«ድናለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ዓይናቸውን ወደ አጫጆቹ መለሱ። «አውቅ ነበር ልልህ አልችልም፤ ግን ጠርጥሬ ነበር። ሐኪም ጋራ ከደጄ ይታያል፤ ሩቅ አገር አይደለም። ወጥቼ ማየት እችል ነበር። ለምን ያልወጣሁ ይመስልሃል?»

«እንጃ፣ አባቴ።»

«ወጥቼ ባጣቸው አንተን ምን እንደማደርግህ አላወቅሁም።»

በቆሎ አስጠብሰው አበሉኝ፤ ስለ ተማሪዎቹ በየስማቸው እየጠየቁኝ አመሸን። የቤሩቱ ደብዳቤ በዓመቱ መጣ፤ አልሄድሁም። ጨዋነት አይደለም፤ ብሄድ የግራዝማች ፊት የሚከተለኝ ስለመሰለኝ ነው። ጣሊያን ሳይገባ እሳቸው ዐረፉ።

ሚስተር ማቲው ሄዷል። ዳይሬክተሩ እስከ ዛሬ ሰው አልላከብኝም፤ ላይልክም ይችላል። ያን ሰው እምቢ ማለቴ ሐቀኛ እንዳላደረገኝ አውቃለሁ፤ ደግ ሰው አስደንግጬ ሰደድሁ እንጂ ያኔ የጎደለውን አልሞላሁም። ሲመለስ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ስለ ውሸቱ ራሴን ይቅር ካልሁት ቆይቷል፤ የታመመች ልጅ ነበረች፣ እኔም ልጅ ነበርሁ። ዛሬ ግራዝማች በዚያ ቀን ከነበሩበት ዕድሜ በብዙ አልፌ ሳስበው የማይለቀኝ ሌላ ነው። «እኔ ነኝ» ካሉ በኋላ ጸሐፊው ቃላቸውን ጽፎ እስኪጨርስ ጊዜ ነበር። «የለም፣ እኔ ነኝ» ለማለት የሚበቃ፣ ብዙ ጊዜ ነበር።