አባዬ የቆፈረው ቦይ

በጋ ገብቶ ካርቱም ዳር በካላክላ ሠፈራችን ውስጥ የጡብ ምድጃዎቹ መጨስ ሲጀምሩ፣ ያ የተቃጠለ ጭቃና ፍግ ሽታ ወደ ሰባት ዓመቴ ይመልሰኛል። አባዬ ከጎጃም ደጋ ወርዶ ካርቱም የገባ ጡብ ሠሪ ነበር። በበጋ ነጭ ዓባይ ሲሸሽ ከጓደኞቹ ጋር ዳርቻውን በአካፋ እየቆረጠ፣ ጭቃውን እያቦካ ጡብ ይመታ ነበር፤ እኔም በተቆረጠው ገደል ላይ ከላይ ጥቁር ጭቃ፣ ከታች ነጭ አሸዋ ተነባብሮ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ከወንዙ አጠገብ ያለችው ቤታችንም በዚያው ጡብ ነው የተሠራችው፤ አባዬ ከእሷ ሌላ ሀብት አልነበረውም።

ክረምት ሲቃረብ ሥጋት ያዘው። በአገሩ ውሃ የሚወርደው ከተራራ ስለሆነ፣ እንደ አባቶቹ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፍሮ ጫፉን ወደ ወንዙ ከፈተው። ጎረቤታችን ሐጃ ዘይነብ እየሳቁ፣ እንደ አገራቸው ልማድ በእኔ በልጁ ስም ጠርተው፣ «ያ አቡ ሣራ፣ እዚህ ውሃው ከላይ አይመጣም፤ ከባሕሩ ነው የሚመጣው። ቦዩን ተውና ተራስ ሥራ፣ ያላ!» አሉት። ባሕር የሚሉት ወንዙን፣ ተራስ የሚሉት ደግሞ የአፈር ግድብ ነው። የዓባይ አገር ሰው ስለ ውሃ ሲመክሩት መች ይሰማል!

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ በዚያው ቦይ ሰተት ብሎ ግቢያችን ገባ። እማዬ እኔን አልጋ ላይ አውጥታ፣ «በር ከፍተህ የጠራኸውን እንግዳ እስቲ መልሰው!» ብላ ጮኸችበት። አባዬ ውሃው ውስጥ ወገቡ ድረስ ገብቶ የገዛ ቦዩን መድፈን ጀመረ፤ እማዬ በዱቄት ጆንያ አፈር ትሞላለች፣ ሐጃና ልጆቻቸው ይሸከማሉ፣ እኔ የጆንያውን አፍ እይዛለሁ። አንዱ ጥግ ቢሰነጠቅም ቤቷ ቆመች።

ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጎድል፣ ጡብ ሠሪዎቹ በቆረጡት በኩል ወንዙ የታችኛውን አሸዋ ጠርጎት የላይኛው ጭቃ ተደርምሶ አገኘነው፤ ያልተነካው፣ ሣር የያዘው ዳር ግን እንዳለ ነበር። አባዬ ብዙ ቆሞ አየውና፣ «ይህን የበላሁት እኔ ነኝ» አለ።  ከዚያ ወዲያ ከዳርቻው አንድ አካፋ እንኳ ሳይቆርጥ፣ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው የካርቱም ገበያ ዕቃ እየተሸከመ አሳደገኝ፤ በየግንቦቱም ተራሱን ያጠብቅ ነበር።

ያኔ ወንዙ ለመድረስ ከደጃችን ትንሽ መሮጥ ነበረብኝ፤ ዛሬ ዳሩ እየተናደ ወንዙ ቀርቦ፣ ደጄ ላይ ተቀምጬ የዓሣ አጥማጆቹን ወሬ እሰማለሁ። ያኔ ዝናቡ ወራቱን ይጠብቅ ነበር፤ ዛሬ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ «ሽጪና ውጪ» ይሉኛል። አባዬ እንጀራውን ትቶ ያተረፈልኝን መሬት እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ? ዘንድሮም ተራሱን በአንድ ክንድ ከፍ አድርጌዋለሁ።